የወለተሐና ጉድጓድ

ወለተሐና ነገሌ ቦረና የገባችው በ1948 ዓ.ም. በወታደር ካሚዮን፣ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጣ ነው። ባሏ ተክሉ ያኔ አሥር አለቃ ነበር። እሷ ከደብረ ታቦር ወዲህ ያለውን አገር አይታ አታውቅም። የአዶላን ጫካ አልፈው መሬቱ እየቀላ፣ ዛፉ እያጠረ፣ ሰማዩ እየሰፋ ሲመጣ "ገና ነው እንዴ?" እያለች ትጠይቀው ጀመር። ተክሉም "ደረስን እኮ" እያለ ሲያባብላት ዋለ። አመሻሽ ላይ ከጦር ሰፈሩ በር ሲወርዱ ነጠላዋ የአፈሩን ቀለም ይዞ ነበር።

ሰፈሩ በቆርቆሮ የተከደኑ የጭቃ ቤቶች በረድፍ የተሠሩበት ነው። ከትግሬ የመጣ አለ፣ ከወለጋ፣ ከመንዝ፣ ከከምባታ የመጣ አለ። ሁሉም ዘመዱን ጥሎ የመጣ ስለሆነ ጎረቤት ቶሎ ዘመድ ይሆናል። ወለተሐና ገና ዕቃዋን ሳትፈታ ደመቀች የምትባል የሃምሳ አለቃ ሚስት ከአጠገቧ ካለው ቤት ምግብ ይዛላት መጣች።

"እኔም ስመጣ እንዳንቺው አልቅሻለሁ፤ ይለመዳል" አለቻት።

ተለመደም። ሴቶቹ አብረው ውሃ ይቀዳሉ፤ አብረው ልብስ ያጥባሉ፤ ባሎቻቸው ለግዳጅ ሲወጡ አንዷ ቤት ተሰብስበው ያመሻሉ። ወለተሐና ሳቂታ ነበረችና እሷ የሌለችበት ጨዋታ አይደምቅም። ይህን የምናገረው ሴትዮዋ ብቸኛ ሆና እንዳልተፈጠረች እንዲታወቅልኝ ነው።

ልጇን የወለደችው በ1950 ነው። ምጡ ጠናባት። ሕፃኑ ሲወጣ ሰውነቱ ጠቁሮ ዝም አለ። አዋላጇ እያገላበጠች፣ ፊቱ ላይ ውሃ እየረጨች ብዙ ከታገለች በኋላ ቀጭን ለቅሶ አሰማ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ተክሉ ከደስታው ብዛት የሚይዘውን የሚጨብጠውን አጥቶ ነበር፤ ልጁንም ፍስሐ አለው።

ፍስሐ ግን አንገቱን አላቀናም። ከእሱ ጋር የተወለዱት ሲድሁ፣ ግድግዳ ይዘው ሲቆሙ፣ እሱ እንዳስተኙት ይተኛል። ሲያቅፉት ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ይወድቃል፤ እግሮቹ እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ። ጡት ሲጠባ ትን ይለዋል፤ ምግብ ሲጀምር ደግሞ ባሰበት። ወለተሐና አንድ ጭልፋ አጥሚት ለማጉረስ ረፋዱን ሁሉ ትቀመጣለች። ዓይኖቹ ግን ንቁ ነበሩ። ስትንቀሳቀስ ይከተሏታል።

መጀመሪያ ጎረቤቶቹ መላ አመጡ። ቅቤ ቀቡት፤ በጨሌና በክታብ አንገቱን ሞሉት። ጸበል የሚያውቁ ጸበል ነገሯት፤ ቦታው ግን ከነገሌ የማይደረስበት አገር ነበር። መላው ሲያልቅባቸው ምክንያት ፈለጉ። አንዷ ወለተሐና ነፍሰ ጡር ሳለች በቀትር ወንዝ መውረዷን አስታወሰች። ሌላዋ ዓይን ነው አለች። ነፍሰ ጡር የሆኑት ወለተሐና ልጇን አዝላ ስትመጣ ሲያዩ ፊታቸውን ያዞሩ ጀመር፤ ያየነው ልጅ ማሕፀናችን ውስጥ ይቀረጻል ብለው ነው። የሚጠሏት ሆነው አይደለም። ደመቀች እንኳ በሆዷ ልጅ በያዘች ጊዜ "እስክወልድ ድረስ አትምጪብኝ፣ እባክሽ እህቴ" ብላ እያለቀሰች ነው የነገረቻት። ወለተሐናም እሺ አለች። ደመቀች ወለደች፤ ወለተሐና ግን ተመልሳ አልሄደችም፤ የጠራትም የለም።

ሰው መንገድ ላይ ሲያገኛት ሰላምታው ረጅም ነበር። "ተክሉ ደህና ነው? ቤቱ ደህና ነው? ዶሮዎቹስ?" ይላታል። በጀርባዋ ስላለው ልጅ የሚጠይቅ የለም።

ተክሉም እየራቀ ሄደ። መጀመሪያ ከሥራ ዘግይቶ መምጣት ጀመረ፤ ቀጥሎ ሲመጣ ማውራት ተወ። ለሞያሌ ኬላ ሰው ሲፈለግ እኔ እሄዳለሁ ብሎ እጁን አወጣ። "ለጥቂት ጊዜ ነው" አላት። ሲሄድ ልጁን ግንባሩ ላይ ሳመው፤ ዓይኑን ግን አላየውም።

ያን ጊዜ ስለ ፍስሐ የምትጠይቅ አንዲት ሰው ነበረች፤ ወተት የምትሸጥ ሎኮ የምትባል ቦረና። በጮጮ ወተቷን ይዛ በማለዳ ሰፈሩ በር ላይ ትቆማለች። አማርኛዋ ወንዱንም ሴቱንም "አንተ" የሚል ነው። ቦረና ሰላምታ ሲሰጥ የቤቱን ሰው፣ ልጁን፣ ከብቱን አንድ በአንድ ይጠይቃል፤ ሎኮም ማንንም አትዘልም።

"ናጋ? ወሪን ናጋ? ኢጆሌን ናጋ?" ትላለች፤ ቤተሰብ ሰላም ነው፣ ልጆች ሰላም ናቸው ማለቷ ነው። ከዚያ አንገቷን አስግጋ አንቀልባው ውስጥ ታያለች። "ይኼ ልጅ ትላንት ቀጭን ነበር፤ ዛሬ ደህና ነው። ምን አበላኸው?"

ወለተሐና ወተት ባትገዛም እንኳ ብዙ ጊዜ ሎኮን ለማናገር ብቻ በሩ ላይ ትቆም ነበር።

በ1952 የሚያዝያ ዝናብ በርትቶ መጣ። የነገሌ ዝናብ ሲመጣ ቀይ ጎርፍ ሆኖ ቤት ውስጥ ይገባል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው በቤቱ ዙሪያ ቦይ ይቆፍራል። ወለተሐና ወንድ በቤቷ ስለሌለ ቦዩን ራሷ ቆፈረች። ዝናቡ ባባራበት አንድ ረፋድ የታጠበ ልብስ ልታሰጣ ወጣች። ልጁን የምታስተኛበት ደረቅ መሬት አልነበረም፤ ቦዩ ጥግ ደርቆ የነበረች ጎድጓዳ ቦታ ላይ ጨርቅ ጣል አድርጋ ወተፈችው። ጀርባዋን ሰጥታ ልብሱን ስትዘረጋ ከኋላዋ ሳቅ ሰማች።

ፍስሐ ተቀምጧል። የቦዩ ግድግዳ ጎንና ጎኑን ይዞታል፤ ጉልበቶቹ ታጥፈው እግሮቹ አልተጠላለፉም። አንገቱ ቀጥ ብሏል። ከፊት ለፊቱ አንዲት ፍየል ቆማ ታየዋለች፤ እሱም እሷን እያየ ይስቃል። ከዚያ በፊት ዓለምን ጀርባው ላይ ተኝቶ፣ ጣራና ሰማይ ብቻ እያየ ነበር የሚኖረው። ወለተሐና እርጥቡን አንሶላ በእጇ እንደያዘች ቆመች። ልትጠጋው ፈራች። ጭንቅላቱ ዘንበል ሲል ሮጣ አነሳችው። በማግስቱ መልሳ ከተተችው፤ ከቀድሞው ጥቂት ቆየ።

ከዚያ በኋላ ዶማና አካፋ አንስታ በጓሮዋ በልጁ ልክ ጉድጓድ ቆፈረች። ተክሉ ትቶት በሄደው አሮጌ የወታደር ብርድ ልብስ ውስጡን አለበሰችው። ልጁ ሲቀመጥ እስከ ደረቱ ይደርሳል። እንዳይንሸራተት በዙሪያው ጥቂት ለስላሳ አፈር ትሞላበታለች፤ እጆቹን ውጭ ታወጣለታለች። ተቀምጦ ሲበላ ትን እንደማይለውም ያኔ ነው የተረዳችው። ፍስሐ ቀይ አፈር እየዘገነ፣ እየበተነ ይውላል። እጁ መዝገን እንደሚችል እሷም እሱም አያውቁም ነበር።

አንድ ቀን ደመቀች ዶሮዋን ፍለጋ በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቃ ስታይ ወለተሐና በልጇ ደረት ዙሪያ አፈር ትሞላለች። ደመቀች ያየችውን ብቻ ነው ያየችው።

"ኧረ የሰው ያለህ! ልጇን በቁሙ ቀበረችው!" ብላ ጮኸች።

ሴቶች ከየቤታቸው ወጡ። አንዷ ልጁን ከጉድጓዱ መንጭቃ አወጣችው፤ ፍስሐ ደንግጦ ሰውነቱ እንደ እንጨት ደረቀ። ወለተሐና ልትነጥቃት ስትታገል ሁለት ዘበኞች መጥተው ልጁንም እናቱንም ይዘው ወደ ሻምበሉ ቢሮ ወሰዷቸው። ሴቶቹ እስከ በሩ ተከትለው ቆሙ።

ሻምበሉ ከወረቀቱ ቀና አለ። "ልጅሽን ለምን ቀበርሽው?"

"አልቀበርኩትም ጌታዬ፤ አስቀመጥኩት።"

"ጉድጓድ ውስጥ?"

"ያለ ጉድጓድ አይቀመጥማ።"

ሻምበሉ ልጁን አየው። ፍስሐም አየው። ሰውየው ራሱ የልጆች አባት ነበርና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ነገሩ ገብቶት ይሁን አይሁን አይታወቅም፤ ብቻ ከበሩ ላይ የሚያዩትን ሴቶች ሲያይ ፊቱን መልሶ አኮሳተረ።

"ያም ሆነ ይህ በሰፈሩ ውስጥ ጉድጓድ አይቆፈርም። ዛሬውኑ ይደፈን። ለባልሽም እናስታውቀዋለን።"

ጉድጓዱን ወታደሮች ደፈኑት፤ በጫማቸውም ረገጡት። ከዚያ ቀን ወዲያ ልጆች በወለተሐና በር ሲያልፉ ይሮጡ ጀመር።

ተክሉ ከሞያሌ የመጣው ከጥቂት ቀን በኋላ ነው። ጠመንጃውን ሳያወርድ ደጃፉ ላይ ቆመ።

"መንገዱን ሙሉ ልጄን ልቀብር ነው ስል ነው የመጣሁት" አላት።

"ግባና እየው።"

መሬት ላይ ተቀምጣ ልጁን በሁለት ጭኖቿ መካከል አስቀመጠችው። ፍስሐ አንገቱን ቀና አድርጎ አባቱን ከላይ እስከ ታች አየው። ተክሉ ጠመንጃውን ቀስ ብሎ አስቀመጠና ተንበረከከ።

"ማን ነው አንገቱን ያቀናለት?"

"ማንም። አስቀመጥኩት፤ ለመደ።"

ተክሉ አለቀሰ። ያን ቀን ልጁን አቅፎት አመሸ። ወለተሐናም ነገሩ ያለቀ መስሏት ነበር። ጠዋት ግን ሲነሳ ሌላ ሐሳብ ይዞ ተነሳ። ወደ ጅጅጋ መዛወሩን ነገራት፤ ደስ ያለው ይመስል ነበር።

"እዚያ ማንም አያውቀንም" አላት። "አዲስ ሰው ሆነን እንገባለን። ልጁን እቤት ውስጥ እንይዘዋለን፤ አንቺም ደጅ አታውጪው። ሌላ እንወልዳለን። ሰው ያንን ያያል።"

"እሱስ?"

"እሱ ምን ይጎድለዋል? ይበላል፣ ይለብሳል።"

"ተክሉ፣ ይኼ ልጅ ገና አሁን ደጅ ማየት መጀመሩ ነው።"

"በሰው አፍ መኖር አቃተኝ፣ ወለተሐና። እኔ እንዳንቺ አይደለሁም። አልችልም።"

ሲለምናት ሰነበተ፤ ተቆጣ፤ መልሶ ለመናት። ክፉ ሰው አልነበረም። ካሚዮኑ የሚነሳ ዕለት ዕቃው ተጭኖ፣ ለእሷም ቦታ ተይዞ ነበር። እሷ ልጇን አዝላ ደጃፏ ላይ እንደቆመች ቀረች። ተክሉ ከካሚዮኑ ላይ ሆኖ ስሟን አንድ ጊዜ ጠራት። ሾፌሩ ጥቂት ጠብቆ ሞተሩን አስነሳ።

ባል የሌላት ሴት በጦር ሰፈር ቤት አይሰጣትም። ወለተሐና ወደ ፊልቱ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከተማው ከሚያልቅበት ወዲያ፣ አንዲት ጎጆ ተከራየች። ከጓሮዋ ጀምሮ ግራርና ከሰው ቁመት የሚበልጥ ቀይ ኩይሳ እንጂ ሌላ ቤት አልነበረም። ቤቱን ሎኮ ነች ያገኘችላት። ጉድጓዱን ደጇ ላይ፣ መንገዱ ፊት ቆፈረችው። ፍስሐ እዚያ ተቀምጦ ግመል ነጂዎችን፣ ካሚዮኖችን፣ ወደ ገበያ የሚነዱ ከብቶችን እያየ ይውላል። እሷ የወታደሮችን ልብስ እየጠገነች፣ እያጠበች አጠገቡ ትውላለች። ሎኮ በጥጋብ ጊዜ ወተት ይዛ ትመጣለች፤ በበጋ ግን ዘመዶቿ ከብት ይዘው ወደ ውሃ ሲወርዱ አብራ ትሄዳለችና ለብዙ ወራት አትታይም። ወለተሐና በእነዚያ ወራት ከልጇ በቀር ከማንም ጋር ሳትነጋገር ሳምንት ያልፋል። አንዳንዴ የራሷ ድምፅ እንግዳ ይሆንባት ስለነበር ልብስ ስታጥብ ጮክ ብላ ታወራለት ነበር፤ ስለ ደብረ ታቦር፣ ስለ እናቷ ቤት፣ ስለሚያልፈው ሰው። እሱም በማይገባ ድምፅ ይመልስላታል። እያደር ግን ድምፁ መልክ ያዘ። "እማ" አለ። "ውሃ" አለ። ከሎኮ የሰማውንም "ናጋ" ማለት ቻለ፤ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ለሚያልፍ ሁሉ "ናጋ!" ይላል። አላፊዎቹ መጀመሪያ ይደነግጣሉ፤ ቀጥሎ ይመልሳሉ።

በ1954 ፍስሐን ክፉ ሳል ያዘውና ወደ ሚሲዮኑ ክሊኒክ ይዛው ሄደች። ነርሷ ፈረንጅ ነበረች፤ ሰው ሁሉ ሲስተር ይላታል። ልጁን ከመረመረች በኋላ መድኃኒት ሰጠችና እግሮቹን እያጠፈች፣ እየዘረጋች ቆየች።

"ይኼን የመሰለ ልጅ ብዙ አይቻለሁ፤ ሲቀመጥ ግን አላየሁም። እቤት ምንድን ነው የምታደርጊው?" ብላ ጠየቀቻት።

ወለተሐና ደንግጣ ልጇን መልሳ አቀፈችው። ጉድጓድ ብላ ከተናገረች መልሰው የሚከሷት መሰላት። ሲስተሯ አጥብቃ ስትለምናት ግን ወለተሐና ወደ ቤቷ ይዛት ሄደችና ጉድጓዱን አሳየቻት። ነርሷ ጉድጓዱ አጠገብ ቁጢጥ ብላ ግድግዳውን በእጇ ዳሰሰች።

"ማን አሳየሽ?"

"ዝናብ።"

ሲስተሯ ሳቀች፤ ወለተሐናም ሳቀች። ከሳቀች ስንት ጊዜዋ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነርሷ በየጊዜው ትመጣ ጀመር። ወለተሐና የማታውቀውን ብዙ አሳየቻት፤ እግሮቹ እንዳይደርቁ ጠዋትና ማታ እንዴት እንደሚታሹ፣ ሲጎርስ አገጩ እንዴት እንደሚያዝ፣ ቆሞ የሚደገፍበት እንጨት እንዴት እንደሚተከል። "ዋናው ነገር" አለቻት አንድ ቀን፣ "ሕፃን ሆኖ መጀመሩ ነው። ሰው ሁሉ የሚያመጣልኝ ልጁ ሰባት ስምንት ዓመት ሞልቶት፣ ሰውነቱ ከደረቀ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ብዙ አልረዳውም። እዚህ አገር የተደበቁ ሕፃናት አሉ፤ አንቺ ብታሳያቸው እናቶቹ ይሰሙሻል።"

"እኔን ማን ይሰማኛል፣ ሲስተር? ልጇን ቀበረች የተባልኩ ነኝ።"

ነርሷ ለሚያምኗት ሁሉ ተናገረች። ብዙ ጊዜ ማንም አልመጣም። ወለተሐና ግን ደጇን ጠርጋ፣ ከፍስሐ ጉድጓድ አጠገብ ሌላ ትንሽ ጉድጓድ ቆፍራ ጠበቀች። ዝናብ ሲሞላው ትቀዳዋለች፤ ሲናድ ታስተካክለዋለች።

መጀመሪያ የመጣው እናት አልነበረም። ሰማታር የሚባል ከፊልቱ ከብት እየነዳ የሚመጣ ሶማሌ ነጋዴ ነው። ረጅም፣ ጢሙን በሂና ያቀላ ሰው። ትንሽ ልጁን ኡባህን በሽርጥ ጠቅልሎ በትከሻው ተሸክሟል። በሰባራ አማርኛና በኦሮምኛ እየቀላቀለ ተናገረ።

"አካም፣ እናቴ። ሲስተር ልካኝ ነው። ይቺ ልጅ ናት። እናቷ መምጣት ፈራች። 'ሰው ሲያያት ትሞትብኛለች' አለች። እኔ ሰርቄ አመጣኋት።"

"ይቀመጡ፣ አባቴ። ስሟ ማን ነው? ልጅቷን ይስጡኝ።"

ኡባህ ገና ሁለት ዓመት አልሞላትም። ፍስሐ በዚያ ዕድሜው እንደነበረው ጭንቅላቷ ይወድቃል። ወለተሐና ብርድ ልብስ አነጠፈች፤ እግሮቿን አጠፈችና ቀስ ብላ ጉድጓዱ ውስጥ አስቀመጠቻት። ሰማታር አፈር ሲነካት ሲያይ ፊቱን በሽርጡ ጫፍ ሸፈነ።

"አይፍሩ፤ የሚይዛት ነገር ነው እንጂ የሚውጣት አይደለም" አለችው።

ልጅቷ አለቀሰች፤ ለቅሶዋ ሲያልቅ ዝም ብላ ማዶዋ ያለውን ፍስሐን አየችው። ፍስሐ "ናጋ" አላት። ሰማታር ሽርጡን ከፊቱ አወረደ። ገበያው እስኪያልቅ ድረስ በየቀኑ መጣ። ከብቱን ለሌላ ሰው ትቶ ጉድጓዱ ዳር ይቀመጣል፤ በትላልቅ እጆቹ የልጅቷን እግር ማሸት ተማረ፤ አገጯን ይዞ አጎረሳት። ወደ አገሩ ሲመለስ እንዲህ አለ፦

"በሄድኩበት አገር ሁሉ ሰው ስለ ከብቴ ይጠይቀኛል። ስለሷ የሚጠይቀኝ አልነበረም። አንቺ ስሟን ጠየቅሽኝ።"

ወለተሐና ልጅቷን በሽርጡ መልሳ ጠቀለለችለት። እስከ መንገዱ ሸኘችው። ከዚያ በኋላ አላገኘችውም፤ ኡባህ ትቀመጥ አትቀመጥ የነገራት ሰው የለም። የፊልቱ ካሚዮን በመጣ ቁጥር ሾፌሮቹን ትጠይቅ ነበር፤ አገሩ ሰፊ ነው፣ ሰማታር የሚባልም ብዙ ነው።

ከእሱ በኋላ ግን ሌሎችም መጡ። አንዳንዷ ጎህ ሲቀድ ሰው ሳያያት፣ ልጇን እስከ ጭንቅላቱ ሸፍና ትመጣለች። ከጦር ሰፈሩም የመጡ ነበሩ፤ እነዚያ በገበያ ሌላ ቀን ሲያገኟት ሰላም ሳይሏት ያልፋሉ። ምስጢራቸው እንዳይወጣባቸው እሷም አንገቷን ትደፋለች። ለሠርግ አይጠሯትም፤ ለቅሶ ስትሄድ ቦታ ይለቀቅላታል፤ ማንም ግን አይጠጋትም። ደጇ እንደ ሐኪም ቤት ሆነ፤ ቤቷ ግን እንደ ቀድሞው ነበር።

በ1957 ዓ.ም. አንድ ቀትር ላይ ወደ ሜጋና ሞያሌ የሚወርድ የወታደር ኮንቮይ ነገሌ ቆመ። ከወታደሮቹ አንዱ ጠይቆ፣ አስጠይቆ በፊልቱ መንገድ መጣ። ትከሻው ላይ የሃምሳ አለቃ ማዕረግ አለ፤ ግራ እግሩን ያነክሳል። በኦጋዴን ጦርነት ቆስሎ ነው። ወለተሐና ልብስ ከምታጥብበት ቀና ስትል ተክሉ ነበር።

ፍስሐ በዚያን ጊዜ ከጉድጓዱ ወጥቷል። በሁለት ካስማ መካከል በተጋደመ እንጨት ላይ ደረቱን ደግፎ ይቆማል፤ መራመድ ግን አልቻለም፤ ወደፊትም አይችልም። ተክሉን ሲያይ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ቆጠረው።

"ናጋ" አለው።

ተክሉ ቆመ። "እሱ ነው? ቆሟል እኮ!" አላት።

"ይቆማል። ይናገራልም፤ ረጋ ብሎ ለሚሰማው።"

ተክሉ ወደ ልጁ ሄዶ ተጠጋ። "እኔ አባትህ ነኝ" ሊል ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ አላለም። ኪሱን ዳብሶ ብስኩት አወጣና ሰጠው። ፍስሐ በሁለት እጁ ተቀበለው፤ ግማሹን ሰብሮ መልሶ ለሰውየው ዘረጋለት። እንዲህ ነበር ልማዱ። ተክሉ ብስኩቱን በእጁ ይዞ ሳይበላው ቆየ።

"ጅጅጋ አግብቻለሁ" አለ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ። "ሁለት ሴቶች ልጆች አሉኝ። ደህና ናቸው።"

"እግዜር ያሳድግልህ።"

"ያኔ ወርጄ ቢሆን ኖሮ እላለሁ። ካሚዮኑ ሲነሳ። መውረድ እችል ነበር እኮ።"

ወለተሐና የልብሱን ውሃ ጨመቀች። ብዙ ዓመት ልትለው ያሰበችው ነገር ነበር። አሁን ያረጀ ፊቱንና የሚያነክሰውን እግሩን ስታይ የትኛውም አልመጣላትም።

"ምሳ በልተሃል?" አለችው።

አልበላም ነበር። አቀረበችለት፤ ፍስሐን በመካከላቸው አስቀምጣ ሦስቱም ከአንድ ትሪ በሉ። ተክሉ ልጁን ሊያጎርሰው ሲሞክር የመጀመሪያው ጉርሻ ወደቀበት፤ እሷ አገጩን እንዴት እንደሚይዝ አሳየችው። ሁለተኛው ጉርሻ ገባ፤ ሦስተኛውም። ከከተማው በኩል የኮንቮዩ ጡሩምባ ተሰማ። ተክሉ ተነሳ፤ ልጁን ዓይኖቹ ላይ ሳመው። እሷን ግን ከአጠገቧ ቆሞ ትከሻዋን ብቻ ነካ አድርጎ ሄደ። እያነከሰ መንገዱን ሲጨርስ ፍስሐ "ማነው?" ብሎ ጠየቃት።

"አባትህ ነው" አለችው።

ልጁ አልገባውም መሰለኝ፤ የቀረውን ብስኩት ይበላ ነበር። ወለተሐና ያን ቀን የጀመረችውን ልብስ ሳታሰጣ ቀረች።

ዓመታት አለፉ። ሲስተሯ ወደ አገሯ ተመለሰች፤ ከመሄዷ በፊት ክሊኒኩ ጓሮ አንዲት ክፍል ለእናቶቹ እንድትሰጥ ለምና ነበር፤ በእሷ ቦታ ለተተካችው ሰው ግን ሌላ ሥራ በዛባትና ክፍሏ የዕቃ ማስቀመጫ ሆነች። እናቶቹ ቀድሞም የሚመጡት ወደ ደጇ ነበር። ፍስሐ አድጎ ክብደቱ ስለጠናባት አንድ አናጢ የእጅ ጋሪ ሠራላት፤ በእሱ እየገፋች ገበያና ቤተ ክርስቲያን ትወስደዋለች።

በ1963 ቦጋለች የምትባል የካሚዮን ሾፌር ሚስት ከሜጋ ሕፃን ልጇን ይዛ መጣች። ባሏ አውርዷት ሄዷል፤ በነገሌ ዘመድ የላትም። ወለተሐና "እኔ ጋ እደሪ" አለቻት። ቦጋለች ወር ያህል ተቀመጠች። ወሬኛ ነበረች፤ ከተነሳችበት እስክትተኛ ታወራለች። ስለ ሜጋ ነፋስ፣ ስለ አማቷ፣ ስለ ባሏ ኩርፊያ፣ ሁሉንም። ፍስሐ እሷን ሲሰማ ከሳቅ ብዛት ከመቀመጫው ይንሸራተታል። ሕፃኑ ጉድጓዱ ውስጥ እያለቀሰ፣ እየሳቀ ይውላል። ወለተሐና በዚያ ወር ወፍራለች ብለው የከተማው ሰዎች ያወሩ ነበር። ሕፃኑ አንገቱን ማቅናት ሲጀምር ቦጋለች አስፋልት በሌለው መንገድ ላይ እየዘለለች እልል አለች።

ባሏ ሊወስዳት ሲመጣ ግን ቸኩሎ ነበር። ዕቃዋን በጥድፊያ ጫኑ።

"ሜጋ ነይ፤ ከፍስሐ ጋር። ቤቴ ቤትሽ ነው" አለቻት ቦጋለች እያለቀሰች።

"እመጣለሁ" አለች ወለተሐና። ፍስሐን ይዛ ያን ያህል መንገድ እንደማትሄድ ግን ሁለቱም ያውቁ ነበር።

ካሚዮኑ ከሄደ በኋላ ወለተሐና አጥሩ ላይ የሕፃኑ ሹራብ ተሰጥታ አየች። ታጥባ ደርቃለች። አጥፋ ከጉያዋ አስቀመጠችና በማግስቱ ወደ ሜጋ የሚሄድ ሌላ ካሚዮን ፍለጋ ከተማ ወጣች። ሾፌሩ ሹራቧን ተቀብሎ መሪው ፊት አስቀመጠ።

"ከማን ልበላት?" አለ።

"ታውቀዋለች፤ ዝም ብለህ ስጣት" አለችው። "ሕፃኑ ተቀምጦ እንደሆነ ግን ጠይቅልኝ። ስትመለስ ንገረኝ።"

"እሺ፣ እናቴ።"

ካሚዮኑ ወደ ዳዋ ወንዝ የሚወርደውን መንገድ ይዞ አቧራው ውስጥ እስኪገባ ድረስ ቆማ አየችው። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቤቷ ፈጠን ብላ ተመለሰች፤ ፍስሐ ብቻውን ነበር።